ልጄ መኪና ገዛች፤ እኛን ግን ረሳች?

በዚህ «ከማዶ» በተሰኘው ዓምዳችን፣ ከዚህ ካምፕ ተነሥተው ወደ ሦስተኛ አገር የሄዱ ወገኖቻችን እንዴት እንደሚኖሩና ምን እንደሚገጥማቸው፣ እዚህ የቀረነውም ኑሯቸውን እንዴት ብንረዳው እንደሚሻል ስንጨዋወት ቆይተናል። የዛሬው ጨዋታችን ስለ መኪና ነው። «እኛ ለቦዳ ቦዳ የምንከፍለው አጥተን በእግራችን ስንኳትን፣ የምን የመኪና ወሬ ነው የምታመጡብን?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ትንሽ ታገሡን። ነገሩ የመኪና ብቻ አይደለም። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ እኛ መጡ። ቁጭ እንኳ ሳይሉ ስልኩን ፈተው በዋትሳፕ የተላከ ፎቶ አሳዩን። አንድ ብርማ ቀለም ያለው ትልቅ መኪና፣ ከፊት ለፊቱ ደግሞ አራት ልጆች በቁመታቸው ተሰልፈው ይታያሉ።

«እስቲ እዩልኝ ልጆቼ» አሉን። «ይኼን የሚያህል መኪና ገዝታ፣ ለእኔ ግን ‹እማዬ፣ ለጥቂት ወራት ግማሹን ነው የምልክልሽ› ትለኛለች። ሰው አሜሪካ ሲገባ ልቡም ይለወጣል ማለት ነው?»

እኚህ እናት ሦስት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። ልጃቸው በየወሩ 100 ዶላር ትልክላቸው ነበር፤ አሁን 50 ሆኗል። በ2025 ራሽን ከተቀነሰ ወዲህ 50 ዶላር በአንድ ቤት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም። በዚያ ላይ የአሜሪካ መንግሥት በጃንዋሪ 2025 የስደተኞች መቀበያ ፕሮግራሙን ካገደ በኋላ ፕሮሰስ ላይ የነበሩ ቤተሰቦች ተስፋቸው በአብዛኛው ቀድመው በሄዱት ልጆች ላይ ወድቋል። ስለዚህ የእናትየው ቅሬታ የብዙ ቤት ቅሬታ ነው። «እገሌ መኪና ገዛ»፣ «እገሊት ቤት ቀየረች» የሚል ወሬ በየብሎኩ ሲዞር እንሰማለን።

ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ እንዲሉ አበው፣ እኛም ወሬውን እናጣራ ብለን ከእናትየው ጋር ሆነን ለልጅቷ ደወልንላት። የምትኖረው ሚኒሶታ በሚባለው ግዛት፣ ሴንት ፖል ከተማ ነው። ከሥራ መግባቷ ስለነበር ደክሟታል፤ ቢሆንም ከአንድ ሰዓት በላይ አጫወተችን። ስሟ እንዳይጠቀስ በለመነችን መሠረት የነገረችንን ብቻ እናካፍላችኋለን።

መኪናው እግር ነው

«እማዬ፣ እዚህ አገር መኪና ማለት እዚያ አንቺ ሰፈር ያለው የውሃ ጀሪካን ማለት ነው» ብላ ጀመረች። «ሀብታም ስለሆነ ጀሪካን የሚይዝ አለ?»

ቤታቸው ሰባት ሰው ነው። እሷና ባሏ፣ አራት ልጆች፣ የባሏ እናት። እሷ የምትሠራው አረጋውያን በሚታከሙበት ቤት ሲሆን ፈረቃዋ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይጀምራል። ባሏ መጋዘን ውስጥ ከሰዓት ገብቶ እኩለ ሌሊት ይወጣል። በክረምት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚደርስባቸው ቀናት አሉ። በዚያ ብርድ ሕፃን ታቅፎ አውቶቡስ መጠበቅ ምን እንደሚመስል፣ የእኛን ሙቀት ለለመደ ሰው ማሰብም ያስቸግራል።

ከዚህ በፊት አንድ ትንሽዬ ኮሮላ ነበረቻቸው። ኮሮላ አምስት ሰው ነው የምትይዘው። እዚህ እኛ ዘንድ ማታቱ ውስጥ ተጠጋጉ ተብሎ ይኬዳል፤ እዚያ ግን ለእያንዳንዱ ሰው ቀበቶ መኖር አለበት፣ ትንንሽ ልጆች ደግሞ በራሳቸው የሕፃን ወንበር ካልታሰሩ ቅጣት አለው። ሁለት የሕፃን ወንበር ከኋላ ሲገባ ሦስተኛ ሰው መሀል አይቀመጥም። ስለዚህ አያትየውን ሐኪም ቤት ለመውሰድ ሁለት ልጅ ጎረቤት ዘንድ ይቀራል፤ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ሁለት ጊዜ መመላለስ ይሆናል። «ሁልጊዜ አንድ ሰው ትተን ነው የምንሄደው» አለች። እናትየው ይኼን ሲሰሙ ዝም አሉ።

ሲየና የሚሉት መኪና

የገዛችው ቶዮታ ሲየና የሚባል ነው። እዚህ አካባቢ ስለማይታይ ትንሽ እናስተዋውቃችሁ። ሁላችንም ሃያስ እናውቃለን፤ የኬንያው ማታቱ፣ የአዲስ አበባው ታክሲ። ሲየና የሃያስ የእጅ ሥራ የለመደ ወንድም ሳይሆን የቤት ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ሃያስ ለንግድ የተሠራ የሥራ መኪና ነው፤ ሲየና ደግሞ ለቤተሰብ የተሠራ፣ ዝቅ ያለ፣ ሞተሩ ከፊት ያለ፣ በጎን በሚንሸራተት በር የሚገባበት፣ ሦስት ረድፍ ወንበር ያለው መኪና ነው። እንዲህ ያለውን አሜሪካኖች ሚኒቫን ይሉታል። የሚሠራውም እዚያው አሜሪካ ነው፤ መጀመሪያ ኬንታኪ ግዛት፣ ከ2004 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ኢንዲያና ግዛት።

የሚንሸራተተው በር ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ጠባብ ቦታ ላይ ቆማችሁ ልጅ ታቅፋችሁ ስታወጡ፣ በሩ ወደ ውጭ ተወርውሮ የሰው መኪና አይመታም። እግራቸውን ለሚያማቸው አያትም ወለሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ መግባት አይከብዳቸውም። ለዚህ ነው ብዙ ልጅ ያላቸው ወገኖቻችን ሚኒቫን የሚመርጡት።

አራቱ ትውልዶች

ልጅቷና ባሏ ሲመርጡ ሦስት ወር ፈጅቶባቸዋል። ከፊታቸው የነበሩት አራት ሲየናዎች ነበሩ፤ አንድ አዲስና ሦስት ያገለገሉ። የሚገርመው፣ አራቱም ከተለያየ ትውልድ ናቸው። አንዳንዶቻችሁ እዚያ ላለ ልጅ ወይም ወንድም ምክር ትጠየቁ ይሆናልና የእያንዳንዱን ጠባይ በዝርዝር እንመልከት።

የመጀመሪያው ትውልድ ከ1998 እስከ 2003 ሞዴል ያለው ነው። 3.0 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር ሞተር አለው። ሰባት ሰው ይይዛል። ዋጋው ከሁሉም ርካሽ ነው፤ ለእነሱ የ2002 ሞዴል በ2,300 ዶላር ቀርቦላቸው ነበር። ግን ዕድሜ አለው። የዚህ ሞተር ታይሚንግ ቤልት የጎማ ቀበቶ ስለሆነ በየ145 ሺ ኪሎ ሜትሩ ገደማ መቀየር አለበት፤ ካልተቀየረና ከተበጠሰ መንገድ ላይ ያስቀራል። ከ1997 እስከ 2002 ከተሠሩት መካከል አንዳንዶቹ ሞተር ውስጥ ዘይቱ እንደ ጭቃ እየረጋ ሞተር ያቃጠሉ ነበሩ፤ ቶዮታም በ2002 ለዚህ ችግር የጥገና ዋስትናውን አራዝሞ ነበር። ያ ዋስትና ካለፈ ቆይቷል። ሌላው ትልቅ ነገር የሕፃን ወንበር ነው። የሕፃን ወንበር የሚቆለፍበት የብረት ማሰሪያ በአሜሪካ በግዴታ የገባው ከሴፕቴምበር 2002 ጀምሮ በተሠሩት ላይ ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ መኪና ወንበሩን በቀበቶ ማሰር ይቻላል፣ ነገር ግን በደንብ ካልጠበቀ አደጋ ነው።

ሁለተኛው ትውልድ ከ2004 እስከ 2010 ነው። መኪናው ሰፋ፤ ስምንት ሰው የሚይዝም መጣ። የመጨረሻው ወንበር ወለል ውስጥ ተጣጥፎ ስለሚገባ ዕቃ ለመጫን ይመቻል። በአራቱም ጎማ የሚነዳ ዓይነትም ከዚህ ጀምሮ አለ፣ ለበረዶ አገር ጥሩ ነው። እዚህ ትውልድ ውስጥ መለየት ያለበት ነገር አለ፦ እስከ 2006 ያለው ባለ 3.3 ሊትር ሞተር ሲሆን አሁንም የጎማ ቀበቶ ነው ያለው። ከ2007 ጀምሮ ያለው 3.5 ሊትር ሞተር ግን በሰንሰለት ስለሚሠራ ያንን የቀበቶ ወጪ ያስቀራል። ነገር ግን በዚህኛው ላይ ደግሞ ከዘይት ቱቦዎቹ አንዱ መሀሉ ጎማ ነበር፤ ጎማው ሲያረጅ ፈንድቶ ዘይቱን በአንዴ ሊያፈሰው ይችላል። በብረት ቱቦ መቀየሩን ማየት ያስፈልጋል፤ መካኒክ በባትሪ መብራት አጎንብሶ ካየ ያገኘዋል።

ሦስተኛው ትውልድ ከ2011 እስከ 2020 ነው። ከዚህኛው ብዙ ዓመት ስለተመረተ ገበያ ላይ በብዛት ይገኛል። የ2011 እና የ2012 ሞዴል ውስጥ ባለ አራት ሲሊንደር 2.7 ሊትር ሞተር ያለውም ነበር፤ ሰባት ሰው ከነዕቃው ሲጫንበት ይከብደዋል ይላሉ የነዱት። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ይሻላል። ጥንቃቄው ምንድነው? በ2016 መጨረሻ ቶዮታ ከ2011 እስከ 2016 ሞዴል ያሉትን ከ800 ሺ በላይ ሲየናዎች ጠርቷል፤ በሞተር የሚከፈተው የጎን በር መኪናው እየሄደ ሊከፈት ይችላል ተብሎ። ከ2011 እስከ 2014 ያሉት ደግሞ ታካታ የተባለው ኩባንያ በሠራው ኤርባግ ምክንያት ከተጠሩት ውስጥ ናቸው። ያ ኤርባግ ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ ሊወረውር ይችላል። ሁለቱም በነፃ የሚጠገኑ ናቸው፤ ችግሩ ብዙ ባለቤት የቀያየረ መኪና ጥሪው ሳይደርሰው መቅረቱ ነው።

አራተኛው ትውልድ ከ2021 ሞዴል ጀምሮ ያለው ነው። ይኼኛው ሁሉም ሃይብሪድ ነው፤ ማለትም 2.5 ሊትር የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር አብረው ይሠራሉ፣ መሰኪያ አያስፈልገውም፣ ባትሪውን ራሱ እየሄደ ይሞላል። ቤንዚን አይጠጣም ማለት ይቻላል፤ በአንድ ሊትር 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። የ2010ሩ 8 ኪሎ ሜትር፣ የ2015ቱ ደግሞ 9 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የሃይብሪድ ባትሪው እስከ 10 ዓመት ወይም 240 ሺ ኪሎ ሜትር ድረስ የፋብሪካ ዋስትና አለው። ጥሩ መኪና ነው፤ በደህንነቱም ቢሆን ከበፊቶቹ ይበልጣል። ነገር ግን ዜሮ ኪሎ ሜትሩ ዋጋው ከ40 ሺ ዶላር አካባቢ ነው የሚጀምረው።

አዲስ ወይስ ያገለገለ?

የባሏ ወንድም አዲሱን ግዙ ብሎ በጣም ወትውቷቸው ነበር። «አሮጌ መኪና ጋራዥ ነው የሚያከብረው፤ አዲሱ ደግሞ በቤንዚን ራሱን ይከፍላል» ነበር የሚለው። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባልና፣ ሒሳቡን እኛም ከልጅቷ ጋር ቁጭ ብለን ሠራነው። እናትየውም ጣታቸውን እየቆጠሩ አብረውን ነበሩ።

ለምሳሌ አዲሱን በ40 ሺ ዶላር ብድር፣ በዓመት 8 በመቶ ወለድ፣ በ6 ዓመት ለመክፈል ብትገዛው በየወሩ 700 ዶላር ገደማ ትከፍላለች። ሲያልቅ የከፈለችው በጠቅላላው ከ50 ሺ ዶላር በላይ ይሆናል። ከ10 ሺ በላይ የሚሆነው ወለድ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ብድር ያለበት መኪና ሙሉ ኢንሹራንስ እንዲኖረው ባንኩ ያስገድዳል፤ እሱም በየወሩ ነው።

በቤንዚኑስ ስንት ታተርፋለች? በወር 1,500 ኪሎ ሜትር ትነዳለች እንበል። የ2010ሩ ወደ 187 ሊትር ይፈልጋል፤ አዲሱ 100 ሊትር ገደማ። ልዩነቱ 90 ሊትር ገደማ ነው። ሊትሩን 1 ዶላር ብንለው እንኳ 90 ዶላር ናት። ለ90 ዶላር ትርፍ 700 ዶላር መክፈል! እናትየው በዚህ ጊዜ «ኧረ ምን አደከማችሁ፣ ይኼማ ለላሟ ሣር ብሎ ላሟን መሸጥ ነው» ብለው አሳቁን።

የ2015ቱ በ13,500 ዶላር ነበር የቀረበላቸው። 1,500 ቅድሚያ ከፍለው የቀረውን 12 ሺ በ15 በመቶ ወለድ፣ በ5 ዓመት ቢወስዱ በወር 285 ዶላር ገደማ ይሆናል። በጠቅላላው ከ17 ሺ በላይ መክፈላቸው ነው። 15 በመቶ በዛ ትሉ ይሆናል። አዲስ ገብ ሰው እዚያ አገር የብድር ታሪክ ስለሌለው የሚሰጠው ወለድ ከፍ ያለ ነው። ሻጩ ራሱ በሚያበድርበት ቦታ ከዚህም ይብሳል። ከዚህ ካምፕ የሄደ አንድ ጎረቤታቸው እንዲህ ካለ ቦታ አሮጌ ሚኒቫን ገዝቶ፣ በሁለተኛው ወር ሞተሩ ተቃጠለ። መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ እሱ ዛሬም ይከፍላል። ወለድ መብላትም መክፈልም በሃይማኖታችን አይፈቀድም የሚሉ ወገኖቻችንም እዚያ ብዙ ስለሆኑ፣ ለእነሱ ብድሩ ሌላ ጭንቀት ነው።

ታዲያ ልጅቷ ምን አደረገች? የ2010ሩን መረጠች። 209 ሺ ኪሎ ሜትር የሄደ ነው፤ ዋጋው 6,500 ዶላር። ገንዘቡን ከየት አመጣችው ብትሉ ከእቁብ። ሴንት ፖል ያሉ 12 ሐበሾች በወር 500፣ 500 ዶላር የሚጥሉበት እቁብ አላቸው። ዕጣው በአራተኛው ወር ለእሷ ወጣ፤ 6,000 ዶላር ደረሳት። 500 ከራሷ ጨምራ ከፈለች። ወለድ የለም፣ ባንክ የለም፣ መኪናው በስሟ ነው።

እንግዲህ ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። አራት ወር ጥላለች፤ 8 ወር ይቀራታል። ዕጣ ከወጣ በኋላ መጣል ያቆመ ሰው የሌሎቹን 11 ሰዎች ገንዘብ በላ ማለት ነው። ለእናቷ የምትልከው ግማሽ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰው ሁሉ የ2010ሩን ይግዛ እያልን አይደለም። የቋሚ ሥራ ደመወዝ ያላቸው፣ በቀን ብዙ የሚነዱ፣ ለምሳሌ በመኪናቸው ሰው እያመላለሱ የሚሠሩ ወገኖች ሃይብሪዱ ሊያዋጣቸው ይችላል፤ እሱም ቢሆን ጥቂት ዓመት ያገለገለውን ቢገዙ የመጀመሪያውን ትልቅ የዋጋ መውረድ ሌላ ሰው ከፍሎላቸዋል። ገና የገባ ሰው ግን አይ.ኦ.ኤም ያለ ወለድ ያበደረው የአውሮፕላን ትኬት ዕዳ አለበት። በዕዳ ላይ ዕዳ ሳይደርብ በእጁ ባለው ገንዘብ ቢገዛ ይሻላል ነው የምንለው።

ሳይገዙ በፊት

ልጅቷ ከመግዛቷ በፊት ያደረገቻቸውን ነገሮች ጠይቀናት ጽፈንላችኋል። እዚያ ላላችሁ ዘመዶች አንብቡላቸው፣ ወይም ገጹን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩላቸው።

1ኛ. የሻንሲ ቁጥሩን ወስዳ ፈተሸች። ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው፤ ከመስተዋቱ ሥር ይታያል። የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት ይኼን ቁጥር ሲያስገቡለት ያልተጠገነ የፋብሪካ ጥሪ መኖሩን በነፃ ይናገራል። ጥሪ ካለ ጥገናው አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ነው፤ መኪናውን ሁለተኛም ይሁን አራተኛ ሰው ቢገዛው።

2ኛ. ከሥሩ አየች። ሚኒሶታ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን መኪና ከሥሩ በዝገት ይበላል። በ2010 ቶዮታ ከ1998 እስከ 2010 ሞዴል ያሉ፣ ሚኒሶታን ጨምሮ ብርድ ባለባቸው ግዛቶች ያሉ ወደ 600 ሺ የሚጠጉ ሲየናዎችን የጠራው በዚሁ ዝገት ነው፤ ስኮርታ ጎማውን ከሥር የያዘው ገመድ ዝጎ ጎማው መንገድ ላይ ሊወድቅ ይችል ነበር። ከላይ የሚያብረቀርቅ ቀለም አታምኑ።

3ኛ. የራሷን መካኒክ ወሰደች። ሻጩ ያመጣውን አይደለም። ለምርመራው ከፈለች፤ የቀበቶውን ወይም የሰንሰለቱን፣ የዘይት ቱቦውን፣ የካምቢዮውን፣ የፍሬኑን ነገር ጠየቀች። ሻጩ መካኒክ አላስመረምርም ካለ ትቶ መሄድ ነው።

4ኛ. ሊብሬውን አነበበች። እነሱ ታይትል ይሉታል። አደጋ ደርሶበት ወይም ጎርፍ ገብቶበት ኢንሹራንስ የጣለው መኪና ሊብሬው ላይ ምልክት አለበት፤ እንዲህ ያለው ርካሽ የሚሆነው በምክንያት ነው።

5ኛ. መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አስተረጎመች። ነጋዴ የሚሸጠው ያገለገለ መኪና ላይ ዋስትና ያለውና የሌለው መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት መለጠፍ ግዴታ ነው። «አዝ ኢዝ» የሚል ካለበት «እንዳለ ውሰድ፣ ነገ ቢበላሽ አላውቅህም» ማለት ነው። «በሦስት ቀን መመለስ ይቻላል» እየተባለ የሚወራው ደግሞ ከነጋዴው ቤት ለተገዛ መኪና በአብዛኛው አይሠራም። አንዴ ከፈረሙ ፈርመዋል።

«ስትጨርሰው ይላክልን?»

ጨዋታው መሀል እናትየው አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ሳቅንም ብለን አልሳቅንም፣ ጥያቄው የብዙ ሰው ነውና። «እሺ ልጄ፣ አሮጌ ከሆነ፣ አንቺ ስትጨርሺው ለወንድምሽ አትልኪለትም? ናይሮቢ ይሠራበት ነበር።»

አይሆንም። የሲየና መሪ በግራ ነው፤ ኬንያ ደግሞ መሪው በቀኝ ያልሆነ መኪና ለተራ ሰው አታስገባም። ከዚህ ሌላ ከተሠራ 8 ዓመት ያለፈው መኪናም አይገባም። ናይሮቢ የምናያቸው የቤተሰብ ሚኒቫኖች፣ እነ ቶዮታ ኖህና ቮክሲ፣ ከጃፓን አገልግለው የሚመጡት ጃፓንም መሪው በቀኝ ስለሆነ ነው። ወደ ኢትዮጵያስ? እዚያ መሪው በግራ ነው፤ ነገር ግን ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ ኢትዮጵያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። የአሜሪካ አሮጌ ሲየናዎች መንገዱን ያገኙት ወደ ምዕራብ አፍሪካ ነው፤ ናይጄሪያ ውስጥ ከከተማ ከተማ ሰው የሚያመላልሱ ሲየናዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ከዘመዶቻችሁ መኪና ላኩልን ብላችሁ አትጠይቁ፤ «እልክልሃለሁ፣ ለማስገቢያ ይኼን ያህል አስቀድመህ ክፈል» የሚላችሁ ደላላም ካለ ተጠንቀቁ።

ለእኛስ ምን ማለት ነው?

ስልኩ ሊዘጋ ሲል እናትየው ልጃቸውን እንዲህ አሏት፦ «ታዲያ እንዲህ ነው ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? እኔ እኮ ረሳሽን ብዬ ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

«እማዬ፣ ዕዳ አለብኝ ብልሽ ትጨነቂያለሽ ብዬ ነው። ፎቶውን የላክሁልሽ ደስ ይበልሽ ብዬ ነበር» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ተለውጦ ነበር።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ እኛ ከዚህ የተማርነው ይኼንን ነው። እዚያ ያሉት ልጆቻችን ፎቶ ይልካሉ፤ ሒሳቡን ግን አይልኩም። እኛም ፎቶውን አይተን ሒሳቡን በራሳችን እንሞላዋለን፤ ሁልጊዜም አብዝተን። እኛም ብንሆን ራሽን ሲቀንስ፣ ልጅ ሲታመም፣ «ደህና ነን» ብለን ነው ስልኩን የምንዘጋው። በዚህ በኩል መደበቅ፣ በዚያ በኩል መደበቅ፣ መሀል ላይ ቅሬታ ይገባል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንመክራለን። እዚያ ያላችሁ፣ ትልቅ ወጪ ስታወጡ ለቤተሰብ ሦስት ነገር ንገሩ፦ ስንት እንደሆነ፣ ከየት እንዳመጣችሁት፣ የሚላከው ገንዘብ እስከ መቼ እንደሚቀንስ። «ለጥቂት ወራት» የሚለው ቃል ለሚጠብቅ ሰው ማለቂያ የለውም፤ «8 ወር» የሚለው ግን ይቆጠራል። እዚህ ያለነው ደግሞ፣ የመኪና ፎቶ ስናይ ከመናደዳችን በፊት «በእጅሽ ነው ወይስ በብድር?» ብለን እንጠይቅ። በብድር ከሆነና ገና ካልፈረሙም፣ አደራችሁን፣ አሮጌው ይበቃል ብላችሁ እናንተው ምከሯቸው። ልጅ አዲስ መኪና ውስጥ ስለታየ ቤተሰብ አይከበርም። በዕዳ የተያዘ ልጅ ለራሱም አይሆን፣ ለእኛም አይሆን።

እናትየው ትናንት መንገድ ላይ አገኘናቸው። የልጅ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ስለሚገቡበት ወጪ ከጎረቤት ጋር ተነጋግረው በወሩ 50 ዶላር እንዴት እንደሚያብቃቁ ሲያሰሉ ነበር። «ሰባት ቀረ» አሉን እየሳቁ፤ የወሩ እቁብ መጣሉን ልጃቸው ደውላ ነግራቸዋለች። ፎቶውን አሁንም ለሰው ያሳያሉ። አሁን ግን «ልጄ በእቁብ የገዛችው ነው፤ ሰባቱም በአንድ ጊዜ ይገቡበታል» ይላሉ።

እናንተም ከማዶ ካሉ ዘመዶቻችሁ የሰማችሁት ግን ያልገባችሁ ነገር ካለ፣ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ወይም በቃል አድርሱን፤ ስማችሁን አናወጣም። በሚቀጥለው እትም ስለ ሐዋላ ክፍያና ገንዘብ ከአሜሪካ እስከ ኤም-ፔሳ ሲመጣ በየት በየት እንደሚቀነስ እንጨዋወታለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።